ከቀለሙ በፊት ገመዱ

በእንግሊዝ አገር የቤት ኪራይ ከብዷቸው በካናል ጀልባ ውስጥ ለመኖር የሚያስቡ ጓደኞች አሉን። ሐሳቡን አንነቅፍም። የምንነቅፈው ለቀለሙና ለመጋረጃው ሲጨነቁ ለማሰሪያው ግድ ማጣታቸውን ነው። ሌላ ጀልባ ፈጥኖ ሲያልፍ ውሃውን ስለሚስብ፣ የታሰረው ጀልባ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይጎተታል፤ በለስላሳ አፈር የተተከለ አጭር ችካልም ይነቀላል። ስለዚህ ረጅም የብረት ችካል፣ አናቱን ከጀልባው ወዲያ አዘንብሎ መምታት ያሻል፤ ገመዱም ከፊትና ከኋላ ሰያፍ ይዘርጋ። (የእግረኛውን መንገድ በገመድ መዝጋት ነውር መሆኑን ማን በነገራቸው!) አላፊውን «ቀስ በል» ብለን መቆጣት የምንችለው የራሳችንን ካጠበቅን በኋላ ነው።

ጀልባ ከፍና ዝቅ በሚደረግበት የውሃ በር ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የተቋጠረ ገመድ፣ ውሃው ሲወርድ ጀልባውን አንጠልጥሎ እስከ ማስጠም ያደርሳል። በምሰሶው ዙሪያ አዙሮ በእጅ መያዝ እንጂ መቋጠር አይገባም።