በጭንብል የወረደ ሙሾ

እ.ኤ.አ. በ1997 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ማንሃተን ውስጥ ባለው ኑዮሪካን ፖየትስ ካፌ አንድ ሰው የሴት ስቶኪንግ ፊቱ ላይ አጥልቆ መድረክ ላይ ይወጣ ጀመር። ኑዮሪካን የገጣሚዎች ቤት ነው፤ ታዳሚው ባለ ግጥሙን ዓይን ዓይኑን እያየ ያዳምጣል። ይህ ሰው ግን ለማየት የሚሆን ፊት አልሰጠም። የሰጠው ሻካራና ዝግ ያለ ድምፅ፣ እንዲሁም አንዱ ስንኝ ሌላውን እየጎተተ የሚያመጣ የቃል ጎርፍ ነበር።

ሰውየው ዳንኤል ዱሚሌ ነው። በ1971 ለንደን ውስጥ ከዚምባብዌያዊ አባትና ከትሪኒዳዳዊት እናት ተወልዶ ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ አደገ። ለሙዚቃው ዓለምም እንግዳ አልነበረም። ዜቭ ላቭ ኤክስ በሚል ስም፣ ሰብሮክ ከሚባለው ታናሽ ወንድሙ ጋር ኬኤምዲ የተባለ የራፕ ቡድን ነበራቸው። በ1991 ኤሌክትራ በተባለው ትልቅ አሳታሚ በኩል የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፤ ቀልደኛ፣ ብሩህ፣ ልጅነት ያልለቀቀው ሥራ ነው።

በ1993 ሁለተኛው አልበም ሊያልቅ ሲቃረብ ሰብሮክ አውራ ጎዳና ሲሻገር መኪና ገጭቶት ሞተ። ዕድሜው 19 ነበር። ዱሚሌ የተጀመረውን ሥራ ብቻውን ጨረሰው። ኤሌክትራ ግን በ1994፣ አልበሙ ገበያ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ሽፋኑ ላይ ባለው ሥዕል ሰበብ ሰረዘው። ሥዕሉ ጥቁሮችን ለማዋረድ ለዘመናት ያገለገለውን የሳምቦ ምስል ተሰቅሎ ያሳያል። ወንድማማቾቹ ሊገድሉ የፈለጉት ስድቡን ነበር፤ አሳታሚው ግን የሚያስከትለውን ጫጫታ ፈራ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወንድምም፣ ሥራም፣ ስምም ሄደ። ቀጥሎ ስለመጡት ዓመታት ዱሚሌ ራሱ ሲናገር፣ ቤት አልባ ሊባል በሚችል ኑሮ የማንሃተንን መንገዶች ሲዞርና አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያድር እንደነበር ገልጿል።

በእኛ አገር ወንድሙ የሞተበት ሰው ከል ይለብሳል፤ በቀድሞው ዘመን ፊቱን የሚነጭም ነበር። ሐዘኑ በአካሉ ላይ ይነበባል። ዱሚሌ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ፊቱን ጨርሶ ከሰው ዓይን አነሣ። ስቶኪንጉ ብዙም ሳይቆይ በብረት ጭንብል ተተካ፤ ዜቭ ላቭ ኤክስም ኤምኤፍ ዱም ሆነ። ኤምኤፍ ባለ ብረት ፊት ማለት ነው። ዱም ደግሞ ከአባቱ ስም ከዱሚሌ ተቀንጭቦ የወጣ ነው፤ የማርቭል ሥዕላዊ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ባለ ጭንብል ክፉ ሰው፣ ዶክተር ዱምም አብሮ አለበት። በየቃለ ምልልሱ የሰጠው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሰው መልኩን ትቶ ድምፁን እንዲሰማ ይፈልጋል።

“ኦፐሬሽን ዱምስዴይ” የተባለው የመጀመሪያ ብቸኛ አልበሙ በ1999 ወጣ። ያሳተመው ቦቢቶ ጋርሲያ የተባለ የሬዲዮ ሰው ያቋቋመው ፎንድል ኤም የተሰኘ ትንሽ ድርጅት ነው። በዚያው ዓመት ራፐሩ ኤሚነም በትልቅ አሳታሚ ጉልበት ዓለምን ያዳረሰ አልበም አውጥቶ ነበር። የዱም ሸክላ በአንጻሩ ከሚያውቁት እጅ ወደሚያውቁት እጅ እየተላለፈ ነው የተሰማው።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ አልበም ከማንም የቀረበ ጆሮ አለው፤ ሰምና ወርቅ ለምዷልና። ርዕሱን ብቻ እንይ። ዱምስዴይ በእንግሊዝኛ ዕለተ ምጽአት ነው፤ ይህ ሰሙ ነው። ቃሉ ሲፈታ ግን “የዱም ቀን” ይሆናል፤ ተጥሎ የነበረው ሰው የተመለሰበት ቀን። ቅኔ አዋቂ ኅብረ ቃል የሚለው ይህንኑ ነው። “ራይምስ ላይክ ዳይምስ” የሚለው ዘፈንም እንዲሁ ነው። ዳይም የአሥር ሳንቲም ዝርዝር ነው፤ በመንገድ ቋንቋ ደግሞ በአሥር ዶላር የሚሸጥ የዕፅ ጥቅል። ዱም እዚያ የሚቸረችረው ግጥም ነው። ቤት አመታቱም በስንኙ መጨረሻ ሆሄ ላይ አያበቃም፤ አራትና አምስት ተከታታይ ድምፆችን ከታችኛው ስንኝ ጋር ያናብባል።

ቅንብሩን በአብዛኛው ራሱ ነው የሠራው። የዘፋኟን የሻዴን “ኪስ ኦቭ ላይፍ” የተባለ ዘፈን ቆርጦ ከከበሮ ምት ጋር ሰፋው፤ የኩዊንሲ ጆንስን “ዋን ሃንድረድ ዌይስ” እና የስቲሊ ዳንን “ብላክ ካው” ወሰደ። በዘፈኖቹ መሃል የካርቱን ፊልም ንግግር ይሰማል። የድምፁ ጥራት ደካማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ድምፁ ከምቱ በታች ይሰምጣል፣ አንዳንድ እንግዳ ራፐሮችም ከእሱ ጎን ሲቆሙ ያንሳሉ። ይህን መካድ አያስፈልግም። ሆኖም እነዚያን የፍቅር ዜማዎች ከአንድ ሐዘንተኛ ድምፅ በታች ስንሰማ አንድ ነገር ይገለጣል፤ አልበሙ ሳቅ የለበሰ ሙሾ ነው። ለዚህ ምስክሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ ርዕሱ የሆነው “?” ነው። ዱም እዚያ የሞተውን ወንድሙን በቀጥታ ያናግራል። ብረቱ የሚላላው እዚያ ጋ ነው።

ኋላ ዝናው ገነነ። በ2004 ከአቀናባሪው ማድሊብ ጋር የሠራው “ማድቪላኒ” ከሂፕ ሆፕ ታላላቅ ሥራዎች ተርታ ይቆጠራል። ጭንብሉ ግን ለጥፋትም ዋለ። ዱም አንዳንድ መድረኮች ላይ በራሱ ፈንታ ጭንብል ያጠለቀ ሌላ ሰው ላከ፤ ሲጠየቅም እንደ ጥበብ ሥራ ተከራከረለት። ክርክሩ አያሳምንም። ቲኬት የገዛው ሰው ሊሰማ የመጣው ያንኑ ድምፅ ነበር።

በ2010 ከአውሮፓ ጉዞው ሲመለስ፣ የአሜሪካ ዜግነት ስላልነበረው፣ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከለከለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያደገባት አገር ደጇን ዘጋችበት። ኦክቶበር 31 ቀን 2020 በ49 ዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ አረፈ። ባለቤቱ ሞቱን ለሕዝብ የገለጠችው ከሁለት ወር በኋላ፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው።

አልበሙን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ ከ“?” ይጀምር። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ዘፈን ይመለስና እነዚያን ቀልዶች እንደገና ያዳምጣቸው።