ከርነሉስ እዳው ገብስ ነው

ይድረስ በማይክሮከርነል ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለምትሠሩ የኦፕን ሶርስ ባለሙያዎች፤

ችሎታችሁን አከብራለሁ፤ አሠራራችሁን ግን እቃወማለሁ። ሄለንኦኤስ የራሱ ከርነል አለው፤ ሚኒክስ 3ም፣ ሬዶክስም እንደዚሁ። ኸርድ ደግሞ ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ማክ የወረደውን ጂኤንዩ ማክ ለብቻው ይጠግናል።

ማይክሮከርነል ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው፦ ሜሞሪ መከለል፣ ፕሮሰሰሩን ማከፋፈል፣ በፕሮግራሞች መካከል መልእክት ማድረስ። ፋይል ሲስተሙም ኔትወርኩም ድራይቨሩም ውጭ፣ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራሉ። አንዱን ሲስተም ከሌላው የሚለየው ነገር ውጭ ካለ፣ ውስጡን ለየብቻ መጻፍ ምን ይረባል?

ኤስኢኤል4 የተባለው ማይክሮከርነል እ.ኤ.አ. በ2009 ትክክለኛነቱ በሒሳብ ሲረጋገጥ 8,700 ያህል የሲ መስመር ብቻ ነበረው፤ በ2014 ኮዱ ለሁሉም ተከፈተ። ያን ማረጋገጫ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ ቡድን ከዜሮ ሊደግመው አይችልም። ሬዶክስ ረስትን የመረጠበት ምክንያት ይገባኛል፤ ቋንቋው ብዙ የሜሞሪ ስሕተት ያስቀራል። የረስትን ጥቅም ግን ከከርነሉ ውጭ ባሉት ድራይቨሮችም ማግኘት ይቻላል።

«ኸርድ ኤል4 ወደተባለው ማይክሮከርነል ለመሻገር ሞክሮ ትቶታል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የዚያን ጊዜው ኤል4 ግን የትኛው ፕሮግራም ምን መንካት እንደተፈቀደለት በከርነሉ ውስጥ በካፓቢሊቲ (በፈቃድ መለያ) አይጠብቅም ነበር፤ ኤስኢኤል4 ይጠብቃል። የድሮው እንቅፋት ለዛሬ ማመካኛ አይሆንም።

የሚከብደው ድራይቨሩ ነው። ተጠቃሚው ሲስተማችሁን ላፕቶፑ ላይ ይጭናል፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ዋይፋዩ ግን አይታወቅም። በዚያው ቀን ወደ ሊኑክስ ይመለሳል። መጋራት እንደሚቻል ደግሞ ታይቷል፦ የድሬስደኑ ጄኖድ ፕሮግራሞቹን ኖቫ በተባለው ከርነልም፣ በኤስኢኤል4ም፣ በራሱ ከርነልም ላይ ያስኬዳል። ኸርድም ከኔትቢኤስዲ በተወሰደ ድራይቨር ሃርድ ዲስክ ያነባል። ከባዱን ከተጋራችሁ ቀላሉን ለመጋራት ምን ያዛችሁ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አዲስ ከርነል ከመጀመራችሁ በፊት፣ ካሉት ውስጥ የትኛው ምን እንደጎደለው በጽሑፍ አስፍሩ፤ የጎደለ ካጣችሁ ያለውን ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገርበትን አንድ የጋራ ደንብ ተስማሙ፤ አንዱ ቡድን የጻፈው የዋይፋይ ድራይቨር ሌላውም ጋ ይሥራ። ለመማር ከርነል የሚጽፍ ይጻፍ፤ ለሰው እንዲያገለግል የሚሠራ ግን ጉልበቱን ሰው የሚቸገርበት ላይ ያውል።

ከአክብሮት ጋር