ቢላዋውን ወድደን ሠሪውን ጠልተን

አንባቢ ሆይ፤ በእሑድ ቀን ከከሚሴ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ብትወርድ ሰንበቴ ገበያ ትደርሳለህ፤ ሰኞ ደግሞ ገበያው ባቲ ነው። ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ በአንድነት ይገበያያሉ። አፋሩ በወገቡ የሚታጠቀውን፣ በሁለት ወገን ስለት ያለውንና ቆልመም ያለውን ጊሌ አይተህ ሳታደንቅ አታልፍም።

እንዲህ ያለ ስለት በቀላሉ አይገኝም። ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ብረት ይቆርጣል፤ በወናፍ በተናፋ ፍም ያግለዋል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ውኃ ያጠጣዋል፤ በሞረድ ይስለዋል፤ በመጨረሻም ለደንበኛው እጅ የሚስማማ እጀታ ያበጅለታል። ዋጋ ስትከራከር ይህን ሁሉ አስብ።

ታዲያ ይህን ሰው ምን ብለን ስንጠራው ኖርን? «ቡዳ» ብለን! ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአንዳንዱ አፍ ዛሬም አልጠፋም።

በቢላዋው ሥጋ እየቆረጡ ሠሪውን መስደብ ከተማረ ሰው አይጠበቅም። እንግዲህ ደመወዝህን ተቀብለህ ገበያ ስትወጣ ተገቢውን ዋጋ ክፈለው፤ ስትጠራውም «ባለ እጅ» በለው።