የቤተ ሰብ ገጽ፤ የጓሮን ቡና ከዘርና ከቅርንጫፍ ስለ ማራባት

በሀዋሳ ከተማ ካሉት ግቢዎች በብዙዎቹ ከእንሰቱና ከአቮካዶው ጋራ አንድ ወይም ሁለት እግር ቡና ይገኛል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአለታ ወንዶ፤ ከዳሌ ወይም ከበንሳ፤ ከአባት ጓሮ የመጡ ናቸውና ባለቤቶቹ የሚወዱዋቸው ስለ ፍሬያቸው ብዛት ብቻ አይደለም። ዳሩ ግን ከተማ እየሰፋ ሲሄድ አጥር ይፈርሳል፤ ተጨማሪ ቤት ይሠራል፤ ያ አሮጌ ቡናም በአዲሱ መሠረት መሥመር ላይ ቆሞ ይገኛል። በዚያን ጊዜ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ፤ «ይህ ቡና ሳይጠፋብን እንዴት አድርገን እናተርፈው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ትልቁን ዛፍ ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ብዙ ድካም ያለበት ነው፤ የመጽደቁም ነገር ያጠራጥራል። ዘሩን ማትረፍ ግን ጥቂት ትዕግሥት ላለው ሰው ሁሉ የሚቻል ሥራ ነውና ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ስለዚሁ ነው።

ቡና በሁለት መንገድ ይራባል። አንደኛው በፍሬው ነው፤ ሁለተኛውም ከቅርንጫፉ በተቈረጠ አንጓ ነው። ከፍሬ የበቀለው የዛፉ ልጅ ነው፤ ከአንጓ የበቀለው ግን ራሱ ዛፉ ነው። የአገራችን ቡና፤ ሊቃውንት አረቢካ የሚሉት፤ ከአበባው ከመቶ 90 ያህሉ በራሱ ዱቄት የሚፀንስ ስለ ሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል። ሮቡስታ የሚባለው ቡና ግን የሌላ ዛፍ ዱቄት ካልደረሰው በቀር ስለማያፈራ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ስለዚህ በጓሮው ያለውን ያገር ቡና ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው ዘር ይበቃዋል ብለን እናምናለን። ከጅማ የእርሻ ምርምር ማእከል እንደ ወጣው እንደ አባቡና ያለ ዲቃላ ቡና ያለው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዲቃላ ፍሬ የተዘራ እንደ ሆነ ልጆቹ ወደየአያቶቻቸው ጠባይ ይበታተናሉና እንዲህ ያለው ቡና በቅርንጫፍ ቢራባ ይሻላል።

አንዲት ችግኝ ምን ያህል ልትደርስ እንደምትችል የዓለም ታሪክ ያስረዳናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹማምንት ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንዲት የቡና ተክል ገጸ በረከት ሰጡ። ተክሊቱም በፓሪስ በንጉሡ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ተጠበቀች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከእርሷ ዘር የተገኘ ችግኝ ባሕር ተሻግሮ ማርቲኒክ ወደምትባለው ደሴት ሄደ፤ በዚያም ባሕር ደሴቶች የተስፋፋው ቡና ከዚህ የመጣ መሆኑ ይተረካል። እነርሱ ከአንዲት እናት ሲጀምሩ ቡና በጫካ ራሱን ዘርቶ የሚበቅልበት አገር ልጅ የአባቱን አንድ እግር ቡና በግንበኛ አካፋ ማጣቱ የሚያሳዝን ነው።

በዘር የሚያራባ ሰው አስቀድሞ እናቲቱን ይመልከት። ቅጠሏ ያልወየበ፤ ፍሬዋ ያልጠቈረ ትሁን። ፍሬውን አጥቁሮ የሚያረግፈው በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በአገራችን ከታየ ወዲህ ከታመመ ዛፍ ዘር መልቀም ለጎረቤትም ጦስ ነው። በሲዳማ ቡና በብዛት የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነውና በዚያን ወራት ደኅና የቀላውን እሸት ከዛፉ ወገብ በእጅ ይልቀሙ፤ ከምድር የወደቀውን አያንሱ። በዚያው ቀን ቀዩን ልጣጭ በጣት ጨምቀው ፍሬውን ያውጡና ውኃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈው ባዶ ነውና ይጣላል። በሁለት ፍሬ ፈንታ አንድ ድቡልቡል ብቻ የተገኘበትም እንደ ሆነ ለጀበና እንጂ ለዘር አይያዝ። ከዚህ በኋላ የሚያሟልጨውን ልጋግ በአመድ አሽቶ ማጠብና በጥላ ውስጥ ማስጣት ነው።

በጥላ ማለታችንን አደራ ልብ ይበሉ። የቡና ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ አይደለም። ጤፍ ደርቆ በጎተራ ለዓመታት ይቆያል፤ የቡና ዘር ግን በፀሓይ ክው ብሎ የደረቀ እንደ ሆነ ነፍሱ ይወጣል፤ በጥላ የተጠበቀውም ቢሆን በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ካልተዘራ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ከገበያ ጥሬ ቡና ገዝቶ ዘርቶ «አፈሩ እንቢ አለኝ» የሚል ሰው አፈሩን ያለ ጥፋቱ ይከሳል።

ለመዝራት ሲደርስ ዘሩን የሸፈነችውን ነጭ ስስ ቅርፊት ፍሬው እንዳይቈስል ተጠንቅቆ በጥፍር ማንሣትና ፍሬውን ለአንድ ቀን በንጹሕ ውኃ መዘፍዘፍ ብቅለቱን ያፈጥነዋል። ከዚህም በኋላ ጥሩ የላይ አፈርና የበሰለ ብስባሽ በተሞላ፤ ታቹም በተበሳ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች ሆኖ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቆ ይዘራል። በላዩ ሣር ይጎዝጎዝ፤ ከፍ ያለ ዳስም ይሠራለት፤ አፈሩ እንዳይደርቅም እንዳይጨቀይም ውኃ ይጠጣ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ምንም ነገር ላይታይ ይችላልና ቆፍሮ ማየት አያስፈልግም። በኋላ ግን ቀጭኑ ግንድ ዘሩን እንደ ቆብ ደፍቶ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ጉዝጓዙ ይነሣ። ልጆች ቆቡን በእጃቸው ለማውለቅ ይቸኩላሉና ይከልከሉ፤ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ወልቆ ሁለቱ ክብ ቅጠሎች እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ይዘረጋሉ።

አሁን ወደ ቅርንጫፉ እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። የቡና ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅርንጫፍ አለው፤ አንዱ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሌላው ወደ ጎን ተዘርግቶ አበባና ፍሬ ይሸከማል። ለእጅ የሚቀርበው የጎኑ ስለ ሆነ ሰው የሚቈርጠው እርሱን ነው። የጎኑ ቅርንጫፍ ግን ሥር ቢያወጣ እንኳ የጎንነት ጠባዩን አይተውም፤ ዕድሜውን ሙሉ በምድር ላይ እየተጋደመ ይኖራል እንጂ ግንድ ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ የሚቈረጠው ቀጥ ብሎ የወጣው ለጋ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ለጋ በአሮጌ ዛፍ ላይ ያልተገኘ እንደ ሆነ ዛፉን ከምድር 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በሰያፍ መጎንደል ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከጉቶው ዙሪያ ቀጥ ቀጥ ያሉ ለጋዎች ይወጣሉ። እንግዲህ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ግንበኛው ከመምጣቱ ስድስት ወር ቀድሞ ጉንደላውን ያድርግ፤ ፍሬውንም ከጉንደላው በፊት ይልቀም።

ለጋው ገና አረንጓዴ ሳለ በማለዳ በተሳለ ንጹሕ ቢላዋ ይቈረጣል። ቡናማ የሆነው እንጨት አይጠቅምም። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንጓና ሁለት ቅጠል ይኑረው፤ ከአንጓው በላይ አስጠግቶ፤ ከታቹ ግን ስድስት ወይም ሰባት ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ መቍረጥ ነው። ቅጠሎቹም እኩሌታቸው ተቈርጦ ይውደቅ፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ብዙ ቅጠል ከተሸከመ ውኃውን ጨርሶ ይጠወልጋልና። አሸዋና አፈር በእኩል ተቀላቅሎ በተሞላ ዕቃ ውስጥ እስከ አንጓው ድረስ ከተተከለ በኋላ በጎበጡ ቀጫጭን እንጨቶች ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይደፋበት፤ ዕቃውም ከዳስ ጥላ አይውጣ። እርጥበቱ ታፍኖ እንዲቆይ ነውና ፕላስቲኩን በየሰዓቱ መግለጥ ሥራውን ያበላሸዋል። ሥሩ እስኪወጣ ሦስት አራት ወር ይፈጃል፤ ከዚያም ፕላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ እየገለጡ ነፋሱን ማስለመድ ነው። ከ10 ቁራጭ 5 የጸደቀለት ሰው ይደሰት።

ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናትና ብርዱ ለቡና አያሰጋም። የሚያሰጋው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራትና ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። አፈሩም ከእሳተ ገሞራ የመጣ፤ አሸዋ የበዛበትና ውኃ የማይዝ ስለ ሆነ ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተከላው ሁለት ወር ቀድሞ ይቆፈር፤ በብስባሽም ይታገዝ። ሐይቁ የሚወጣበት ወንዝ የለውምና ውኃው ወደ ጨው ያዘነብላል፤ ቡና ደግሞ ጥቂት ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፤ ስለዚህ ከጣራ የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ይመረጣል። ለጥላ ዋንዛ ወይም እንሰት ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን ውኃውን ይቀማዋልና በአጠገቡ አይኑር።

ችግኙ ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ በሰኔ ወይም በሐምሌ ይተከላል። ዘግይቶ የተዘራው በዚያ ክረምት ካልደረሰ ቸኩሎ ከመትከል እስከሚመጣው ክረምት በዳሱ ማቆየት ይሻላል። በችግኞች መካከል ሁለት ሜትር ይተው፤ ከግንቡም ይራቅ። ፍሬ የሚታየው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። አሮጌው ጉቶ ግን የሚተካው ችግኝ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ፤ ግንበኛው ቢያጉረመርምም እንኳ፤ ባይነቀል ይሻላል፤ ቁራጮቹ የደረቁ እንደ ሆነ ከእርሱ ሌላ ለጋ ይገኛልና።