ዕዳው ሲያልቅ ቁልፉም ይለቀቅ

ከአሜሪካም ሆነ ከዓረብ አገር ለቤተሰብ ከሚላኩ ዕቃዎች አንዱ ማይፋይ፣ ማለትም በሲም ካርድ የሚሠራው የኪስ ዋይፋይ፣ ሆኗል። ተቀባዩ የአገር ቤት ሲም ካርድ ያስገባበታል፤ መብራቱ ይበራል፣ ስልኩም ዋይፋዩን ያገኘዋል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። የማስተካከያ ገጹን ሲከፍት መሣሪያው በሸጠው ድርጅት ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ ተቆልፏልና የመክፈቻ ኮድ ይጠይቀዋል፤ ከሥሩም ስንት ሙከራ እንደቀረው ተጽፏል። በብዙዎቹ የሁዋዌ ማይፋዮች ቁጥሩ ከ10 ይጀምራል። በግምት እየሞከሩ የጨረሱት እንደሆነ፣ ትክክለኛው ኮድ ኋላ ቢገኝ እንኳ አይቀበልም።

መቆለፉን በራሱ አልነቅፍም። የቴሌኮም ድርጅቱ ዕቃውን በቅናሽ ወይም በዱቤ ሰጥቶ ደንበኛው በየወሩ እየከፈለ እንዲጨርስ ሲዋዋል፣ ቁልፉ እንደ መያዣ ነው። የማልቀበለው፣ ሙሉ ዋጋው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም መያዣው ሳይለቀቅ ሲቀር ነው። ዕዳ የሌለበት ንብረት ባለቤቱ በመረጠው ኔትወርክ ሊሠራ ይገባል።

ይህን በሕግ ያስያዙ አገሮች አሉ። ካናዳ ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2017 ጀምሮ ስልክ ቆልፎ መሸጥን ከልክላለች፤ ብሪታንያም በዲሴምበር 2021 ይህንኑ አደረገች። በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 2014 የወጣው ሕግ ባለቤቱ ስልኩን እንዲያስከፍት ፈቀደ፤ በእ.ኤ.አ. 2015 ደግሞ ፈቃዱ ማይፋይን ጨመረ።

በእኛ አገር አንድ ቴሌ ብቻ በነበረበት ዘመን ቁልፍ ትርጉም አልነበረውም፤ ደንበኛው ወዴት ይሄዳል? ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ምርጫ አለ። ምርጫ ባለበት ደግሞ ደንበኛን በቁልፍ የማስቀረት ፈተና ይመጣል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነገሩ ሳይለመድ አንድ ነገር ሊያስከብር ይገባል፦ ዋጋው ተከፍሎ ያለቀ ዕቃ ባለቤቱ ሲጠይቅ ያለ ክፍያ ይከፈት።

ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ወደ ገዛችሁበት ድርጅት ደውሉ። መሣሪያው ላይ የተለጠፈውን ባለ15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር ስጡና አስከፍቱት፤ ዕዳ ከሌለባችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁ። ቤተሰባችሁ ዲኮድ ለማስደረግ (ቁልፉን ለማስከፈት) ከሱቅ ሱቅ ከሚዞር እዚያው መጨረሱ ይቀላል። ባንዱንም፣ ማለትም መሣሪያው የሚቀበለውን የሞገድ ክልል፣ አትርሱ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ለ4ጂ የሚጠቀምበትን 1800 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም ባንድ 3ን የማይቀበል ማይፋይ ቁልፉ ቢከፈትም እዚህ ላይሠራ ይችላል። ሁለቱን ሳታረጋግጡ አትላኩ።