የበረሃ ኤሊ ጫጩት ለምን እርጥበት ያሻዋል?

«የበረሃ እንስሳ ድርቀት ይስማማዋል» የሚለው አስተሳሰብ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። በአውሮፓና በአሜሪካ የየብስ ኤሊዎችን በቤታቸው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎችም ለረጅም ጊዜ የተመሩት በዚሁ ነበር። በተለይ የተጎዳው፣ ጭኑ ላይ ሹል እሾሆች ያሉትና በሳይንሳዊ ስሙ ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ የሚባለው ኤሊ ነው። ይህ ኤሊ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚዘልቀው ደረቅ ቀጠና ይኖራል። ስለዚህም ጫጩቱን በደረቅ አሸዋ ላይ፣ ከሚያሞቅ አምፖል ሥር ማኖር ተገቢ መስሎ ታየ። ውጤቱ ግን የጀርባው ቅርፊቶች እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ፒራሚድ ወደ ላይ የሾሉበት ኤሊ ሆነ።

ጥፋቱ በአብዛኛው ሲላከክ የኖረው በምግብ፣ በተለይም በፕሮቲን ብዛት ላይ ነው። ቪዝነርና ኢበን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን 50 የዚህ ዝርያ ጫጩቶችን በተለያየ የአየር እርጥበትና የፕሮቲን መጠን ለ5 ወራት አሳደጉ። እርጥበቱ በአንደኛው ወገን ከ24.3 እስከ 57.8 በመቶ፣ በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከ45 እስከ 99 በመቶ ነበር። በድርቅ ያደጉት ጉብታቸው ጎልቶ ሲገኝ፣ የፕሮቲኑ ተጽዕኖ አነስተኛ ሆነ።

ነገሩ ለተማሪ እንግዳ አይደለም። አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የገጹ ስፋት 4 እጥፍ፣ ይዘቱ ግን 8 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጫጩቱ ከይዘቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ውኃ የሚያጣው ከአዋቂው ይልቅ ፈጥኖ ነው። በዚህ ላይ ከኬራቲን የተሠሩት ቅርፊቶች የሚያድጉት በጠርዛቸው በኩል ነው፤ አዲሱ ጠርዝ ከደረቀ እድገቱ አቅጣጫውን ይስታል፣ በሥሩ ያለው ለጋ አጥንትም ይከተለዋል የሚል ማብራሪያ ይሰጣል።

ታዲያ ይህ ፍጡር በበረሃ እንዴት ኖረ? በእኔ አመለካከት የስሕተቱ ምንጭ ካርታ አንብቦ ጉድጓድን መርሳት ነው። ኤሊው የቀኑን ሐሩር የሚያሳልፈው መሬት ምሶ በሠራው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ የዚያ አየር ከላይኛው ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የሜትሮሎጂ ጣቢያ የሚለካው ኤሊው ሸሽቶት የሄደውን አየር ነው!

ይህን የምጽፈው አንባቢ ከቆላ ኤሊ እያነሣ ወደ ቤቱ እንዲያመጣ አይደለም፤ የዱር እንስሳ በዱር ይኑር። በእጁ ያለ ሰው ግን ለጫጩቱ እርጥብ አፈር ያለበት መደበቂያና ለብ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው መታጠቢያ ያዘጋጅለት። ሙቀቱም አይጓደል፤ እርጥበት ከቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ የመተንፈሻ አካል ሕመም ያመጣልና። ኤሊው እያደገ ሲሄድ የሳጥኑን እርጥበት ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል፤ መደበቂያው ግን እርጥብ ሆኖ ይቆይ። አንዴ የሾለ ቅርፊት ተመልሶ አይስተካከልም። ሁኔታው ቢታረም ለስልሶ የሚያድገው ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ብቻ ሲሆን፣ ኤሊው የሕፃንነቱን ጉብታ ለአሥርተ ዓመታት ተሸክሞት ይኖራል።