ይህም ሙዚቃ ነው

በሳንቲም የሚሠሩትን የተኩስ ጨዋታዎች ሙዚቃ ስናደንቅ «እርሱ ደግሞ ጫጫታ እንጂ ምኑ ሙዚቃ ነው?» እያሉ የሚስቁብን ጓደኞች አሉን። በዚህ አንስማማም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ባትል ጋሬጋን እንውሰድ። አብዛኛውን ሙዚቃ የደረሰው ማናቡ ናሚኪ የዲትሮይት ቴክኖ ተማሪ መሆኑ ገና ሲጀምር ይሰማል፤ ከበሮው ሳያዛንፍ እኩል ይመታል፤ አጫጭር ዜማዎች እየተመላለሱ ቀስ በቀስ መልካቸውን ይለውጣሉ። ይህም ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ጥይቱ እንደ በረዶ ሲወርድ ዓይን ይደናገራል፤ ያን ጊዜ የተጫዋቹን እጅ የሚያረጋጋው ያ ምት ነው። ያውም ዜማው የሚፈልቀው ስምንት ድምፅ ብቻ ካለው ያማሃ ሠራሽ ቺፕ ነው!

የሚያሳዝነን ሌላ ነው። ቴክኖን በ1980ዎቹ ያስጀመሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሳውንደርሰን፣ በመኪና ፋብሪካዎቿ በታወቀችው በዲትሮይት አጠገብ፣ በቤልቪል አብረው የተማሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ብዙው ተጫዋች ግን «የጃፓን ሙዚቃ» ብሎ ያልፈዋል (እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ ነበርን)። ናሚኪ ሲመሰገን የእነርሱም ስም አብሮ ይጠራ እንላለን።

የሚስቁብን ጓደኞችም ጨዋታውን ትተው ሙዚቃውን ብቻ አንድ ጊዜ ያድምጡና ይፍረዱን።